ባለቤቱ ያልታወቀ ሕመም

አማርኛ ስለ ሕመም ሲናገር ብዙ ጊዜ የታመመውን ሰው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አያደርገውም። «በላሁ»፣ «ሄድኩ»፣ «ጻፍኩ» ስንል ባለቤቱ እኔ ነኝ። ሕመም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ «እግሬን ያቃጥለኛል» እንላለን። የሚያቃጥለው ማን ነው? ግሡ «እሱ» ይላል፤ «እሱ» ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ ተሳቢ ሆኜ መጨረሻ ባለችው «ኝ» ላይ ተንጠልጥያለሁ። ለባለቤቱ ቦታ ተይዞለታል፣ ስም ግን የለውም።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ዓይነት ነገር ያውቀዋል። ቦታው አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ በሙያችን «ነል» እንለዋለን። ባዶነቱ በራሱ ችግር የለውም። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ባዶውን ቦታ የሞላ መስሎት ሥራውን ሲቀጥል ነው።

ስለ ሕመም የተጻፈውንና የሚነገረውን በዚህ ዓይን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ክታቡ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ የሕክምና ካርዱ፣ የፈረንጅ ድርሰቱ፣ ሁሉም ያንን ባዶ ቦታ አንድ ነገር ያደርጉታል። አንዱ ቶሎ ይሞላዋል፣ አንዱ በሃያ ስም ያጨናንቀዋል፣ ጥቂቶቹ ብቻ ባዶ መሆኑን አምነው ፍለጋውን ይቀጥላሉ። ለእኔ ጥሩውን የሕመም ጽሑፍ ከመጥፎው የሚለየው ይህ ነው።

እንዲህ እንዳነብ ያደረገኝ ምክንያት አለኝ። እናቴ የምትኖረው ወግዲ ነው። ስኳር ከያዛት ዓመታት አልፈዋል፤ እንክብሏን ትውጣለች፣ ምግቧንም ትጠነቀቃለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላታል። ምክንያቱን ፍለጋ ከወግዲ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ወስዶናል። በየደረጃው አንድ ሰው ለ«እሱ» ስም አውጥቶለታል።

ቃል አላነሰንም

ቨርጂኒያ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ መታመም ባሳተመችው ድርሰት እንግሊዝኛን ትከሳለች። ለፍቅርና ለታላላቅ ሐዘን ቃል የተትረፈረፈው ቋንቋ፣ ራሱን ላመመው ሰው ሲሆን ቃል ያጥረዋል ትላለች። ድርሰቱ በሚገባ ዝነኛ ነው፤ ስለ ሕመም የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ወደ አማርኛ ሳመጣው አይገጥምልኝም።

እናቴን «ምን ምን ይልሻል?» ብዬ ብጠይቃት የምትናገረውን ስሙ። ውስጥ እግሯን *ያቃጥላታል*፤ ሳማ እንደነካው ደግሞ *ይለበልባታል*። ጣቷን አልፎ አልፎ *ይነዝራታል*፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የነካ ሰው የሚለውም ይህንኑ ቃል ነው። ተረከዟን *ይወጋታል*። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ጉንዳን የሚሄድ ይመስል *ይወርራታል*። ሲነጋ ደግሞ *ይደነዝዛታል*። ጉልበቷን የሚያማትን ግን ከእነዚህ ለይታ *ይቆረጥመኛል* ትላለች፤ ያ ሌላ ነው፣ የዕድሜና የዳገት ነው። በአንድ ትንፋሽ ሰባት ግሥ፣ አንዱም በአንዱ ቦታ አይገባም።

ይህ የቋንቋ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕመም መለኪያ መጠይቅ ሲያወጣ የሠራው በቃላት ነው፤ 78 ቃላትን በ20 ቡድን ደልድሎ። በኋላ የፈረንሳይ ሐኪሞች የነርቭ ሕመምን ከሌላው ለመለየት ያዘጋጁት አጭር መጠይቅ አሥር ነጥቦች አሉት። ሰባቱ ከታማሚው አፍ የሚሰሙ ናቸው፤ ማቃጠል፣ የሚያም ቅዝቃዜ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ መውረር፣ መርፌ መርፌ ማለት፣ መደንዘዝ፣ ማሳከክ። ሦስቱን ሐኪሙ እግሩን ነካክቶ ያገኛቸዋል። ከአሥሩ አራት ከተገኘ ነርቭ መጠርጠር አለበት። እናቴ ማንም መጠይቅ ሳያቀርብላት አምስቱን ብላለች።

ካርዷ ላይ ግን በእንግሊዝኛ የሰፈረው ሁለት ቃል ነው፤ ሲተረጎም «የእግር ሕመም»። ሰባት ግሥ ገብቶ አንድ ስም ወጣ። መጠይቁ ከሚፈልገው መረጃ አንዱም ካርዱ ላይ አልተረፈም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነው አድገናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ውስጡ ያለው ክስ ግን ሳይታይ ያልፋል። መድኃኒት ያጣ ሰው ሁሉ ደብቆ ነው ያሰኛል። ሳይደብቅ ለጤና ኬላው፣ ለጎረቤቱ፣ ለካህኑ፣ ለዱዓ አድራጊው፣ ለሦስት ሐኪም ተናግሮ አሁንም «ያቃጥለኛል» የሚለውን ሰው ይህ አባባል አያውቀውም። የተናገረ እንጂ የሰማ መጥፋቱን የሚናገር ምሳሌ ቢኖረን ጥሩ ነበር።

ባዶውን ቦታ የሚሞሉት

በሀገር ቤት ባዶው ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ አይውልም። ድንገት ከወጋ «መጋኛ መታው»፣ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ከታመመ «ምች መታው»፣ ሌሊት ካቆራመደው «ብርድ ገባው» ይባላል። ሰዋስዉን ልብ በሉት፤ ሦስቱም ባለቤት ናቸው። «ያቃጥለኛል» የሚለው ጎደሎ ዓረፍተ ነገር ሞልቷል ማለት ነው። ሲሞላ ደግሞ ቀጥሎ የሚደረገው ይታወቃል፤ ለምች ዳማከሴ፣ ለብርድ ቅባትና ሙቀት። ሰው ስሙን ሲያገኝ ሌሊቱ ያጥርለታል፤ ይህን ማናናቅ አልፈልግም።

ክታብን እንደ ሥነ ጽሑፍ ብናነበው ደግሞ ሌላ መንገድ ይዞ እናገኘዋለን። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅ አለ፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። የክርስትና ስሙ ውስጡ ይጻፋል። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ፍልጸት፣ ቁርጥማት፣ ውግዓት፣ ዐይነ ጥላ፣ ባርያና ሌጌዎን። ደብተራው አንዱን መርጦ «ይህ ነው» አይልም፤ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ስም እየጠራ ያግዳል። እኛ ኮድ ስንጽፍ የስሕተቱን ዓይነት ሳናውቅ ማንኛውንም የሚይዝ ወጥመድ እንደምናስቀምጠው ነው። እኔ ከክታቡ ሁለት ነገር እወድለታለሁ፤ ታማሚውን በስሙ ይጠራዋል፣ የሕመም ዓይነቶችንም ለያይቶ ይጠራል። ውግዓትና ቁርጥማት ለእሱ አንድ አይደሉም።

ድካሙ ግን ሌላ ቦታ ነው። በክታቡ ዓለም ያ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ የጠላት ነው። የሚያቃጥለኝ አንድ ክፉ አካል ከሆነ ደግሞ ያ ክፉ አካል ውሎ አድሮ የሰው መልክ ይይዛል። «ቡዳ በላው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰፈር ውስጥ ሲገባ ባለቤቱ ጎረቤት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ወይም ቀጥቃጩ። የአንዲት ሴት እግር ስላቃጠለ የሌላዋ በር የሚጠቆርባት በዚህ መንገድ ነው።

ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው መጽሐፍ በሽታን በምሳሌ መናገርን ተቃውማለች፤ ታማሚውን ከሕመሙ በላይ የሚጎዳው በሽታው ላይ የሚጫነው ትርጉም ነው ትላለች። ግማሹን እቀበላታለሁ። የነርቭ ሕመም ግን ያለ ምሳሌ ሊነገር አይችልም። እሳት ሳይኖር «ያቃጥለኛል»፣ መርፌ ሳይኖር «ይወጋኛል» ማለት ምሳሌ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ እኔ መስመሩን ከሌላ ቦታ አሰምረዋለሁ። ግሡ ላይ ያለ ምሳሌ መረጃ ነው፤ ሐኪሙም መጠይቁም የሚሠራው በእሱ ነው። ባለቤቱ ላይ የሚቀመጥ ምሳሌ ግን ፍርድ ነው። መጋኛ፣ ቡዳ፣ እርግማን፣ የኃጢአት ዋጋ፣ ሁሉም ምርመራ ሳይደረግ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ፍርድ

ይህንን ስል ፍርዱ የመንደር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘመናዊው ቤትም የራሱ መሙያዎች አሉት፤ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው «ነርቭ ነው»። ይህ መልስ ይመስላል፣ ግን የሚመልሰው «የት?» የሚለውን እንጂ «ምን?» የሚለውን አይደለም። ቤቱ ለምን ተቃጠለ ብለህ «ሣሎኑ ነው» እንደመባል ነው።

ሁለተኛው «ስኳሩ ነው»። ይህ ከሁሉም የተሻለው ግምት ነው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዕድሜያቸው የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል፤ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውም በአብዛኛው እሱ ነው። ግን ስኳር ያለበት ሰው እግር የሚቃጠለው በስኳር ብቻ አይደለም። ለስኳር በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በሰውነት ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ያለ ቫይታሚን ቢ6 ሲወሰድ እግር ያቃጥላል። የኩላሊት ድካም፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ኤችአይቪ፣ የአልኮል ብዛት፣ ሥጋ ደዌም አሉ። «ስኳሩ ነው» ሲባል እነዚህ ሁሉ ሳይጠየቁ ይቀራሉ። አንድ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ዕዳው ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣበት ሁሉ በአሮጌው ሕመም ስም ይመዘገባል።

ሦስተኛው «ጭንቀት ነው»። ይህ የሚመጣው ምርመራው «ደህና» ሲል ነው። እዚህ ላይ መሣሪያው ምን እንደሚለካ ማወቅ ይጠቅማል። በኤሌክትሪክ የሚደረገው የነርቭ ምርመራ የሚያነበው ወፍራሞቹን የነርቭ ክሮች ነው፤ ለእንቅስቃሴና ለንክኪ የሚያገለግሉትን። ማቃጠልንና ሙቀትን የሚያመላልሱት ግን ቀጫጭኖቹ ናቸው፣ መሣሪያው አያያቸውም። ቀጭኑ ብቻ ሲጎዳ ወረቀቱ «ደህና» ይላል፣ ሰውየው ይቃጠላል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። የዋና መስመሩን ፍሰት ለክቶ «ቤታችሁ መብራት አለ» እንደማለት ነው።

ደግሞ ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም። አሥር ግራም የሚጫን ቀጭን የፕላስቲክ ክር፣ በ128 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ሹካ መሰል ብረት፣ መርፌና ቀዝቃዛ ብረት ይዞ እግር ላይ አምስት ደቂቃ ማሳለፍ ብዙ ይናገራል። ይህን ለማድረግ ግን ካልሲ ማስወለቅ ያስፈልጋል። በሦስት ዓመት ውስጥ የእናቴን ካልሲ ያስወለቀ አንድ ሐኪም ነው።

በሀገራችን የነርቭ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ከወግዲ የተነሳ ሰው የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሬ ሸጦ ቢሆን አይገርምም። ፍለጋው ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ እያንዳንዱን «ምናልባት» እርግጠኛ መልስ አስመስሎ የመስማት ፍላጎት ያሳድራል። ደሴ የቢ12 መርፌና አሚትሪፕቲሊን አብረው ተጀመሩላት። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም ከሚሰጡት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ግን አንድ ሰው «የድብርት ነው» ብሏት ተቀየመች፤ «እኔ እግሬን እንጂ ራሴን መች አመመኝ አልሁ?» ብላ። አስረድተናት ወሰደችው። አሁን ማቃጠሉ ቀንሷል። በየትኛው ነው የቀነሰው? ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። እናቴ «መርፌው ነው» ትላለች፣ እህቴ «ጸበሉ ነው»፣ እኔ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ስሙ ከተገኘ በኋላስ?

«ምክንያቱ ቢታወቅ ሁሉም ያልቅ ነበር» የሚል ሰው ደላንታን ያስብ። ከእኛ በስተሰሜን፣ በዚያው በወሎ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመታ ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ቆመ። ጓያ ድርቅ ይችላል። ሕዝቡ ለወራት እሱን በላ፤ ከዚያ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች እግራቸው እየከበደና እየተኮማተረ በዱላ መሄድ ጀመሩ። ይህ ሽባነት ነው፣ እንደ ስኳሩ ማቃጠል አይደለም፤ የነርቭ ነገር መሆኑ ግን ያገናኛቸዋል። ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ወረርሽኙን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስነብበዋል።

በጓያ አካባቢ የሚነገሩ ምክንያቶች ነበሩ። ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው፣ ማሳውን ማቋረጥ ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው ይባላል። ሳይንሱ መርዙን እ.ኤ.አ. በ1964 ለይቶታል፤ ፍሬው ውስጥ ያለ ነው፣ የሚገባውም በመብላት ነው። ጥናቶቹ ከዚህም አልፈው በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ መብላት ይበልጥ እንደሚያሰጋ፣ ከእህል ጋር መቀላቀል ደግሞ አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

እዚህ ባዶው ቦታ በትክክል ተሞልቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእንፋሎት የምታምን እናት ከድስቱ ትርቃለች እንጂ ንፍሮውን አትተውም። የተሳሳተ ባለቤት የተሳሳተ ጥንቃቄ ያስይዛል። ግን ሁለት ነገር አልተለወጠም። አንደኛ፣ የተጎዳው እግር አልተመለሰም፤ ምክንያቱን ማወቅ የሚቀጥለውን ሰው ያድናል እንጂ የቀደመውን አይፈውስም። ሁለተኛ፣ መርዙን እያወቀም የሚበላ ነበር፣ ሌላ የሚበላ ስለሌለው። ስለዚህ ምክንያት ፍለጋ ያስፈልጋል ስል ፈውስ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችን ሁለቱን እናምታታለን፤ ልቦለዶቻችንና ፊልሞቻችንም ይህን ያስተምሩናል። የምርመራ ውጤቱ ይነበባል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ታሪኩ ያልቃል። በእውነቱ ዓለም ውጤቱ ከተነበበ በኋላ ታማሚዋ ታክሲ ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ማታም እግሯ ይቃጠላል።

ሳይሞላ የተጻፈ መጽሐፍ

በዚህ ሁሉ መካከል ባዶውን ቦታ ጠብቆ የጻፈ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ፈረንሳዊው ደራሲ አልፎንስ ዶዴ። ዶዴ በቂጥኝ የተነሳ አከርካሪው ተጎድቶ ለዓመታት ሲሠቃይ በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ነበር። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ማስታወሻዎቹ በ1930 «ላ ዱሉ» በሚል ርእስ ታተሙ፤ በሀገሩ በፕሮቫንስ ቋንቋ «ሕመም» ማለት ነው።

የሚገርመው የዘመኑ የዕውቀት ሁኔታ ነው። ያ የአከርካሪ ሕመም ከቂጥኝ ይመጣል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ዶዴን ያየው የዘመኑ ታላቅ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ግን ይህን አልተቀበለም። የቂጥኝ ተሕዋስ ራሱ የተገኘው በ1905 ነው፤ ዶዴ ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ። ማለትም ሰውየው ሲጽፍ ሊቃውንቱ ገና በባለቤቱ ላይ አልተስማሙም ነበር።

ዶዴ ያደረገው ግሦቹን መመዝገብ ነው። ዛሬ የት ነካው፣ እንዴት ነካው፣ ከትናንቱ በምን ተለየ፣ የሚወስደው ሞርፊን ምን አደረገ፣ ፍል ውሃ ቦታው ላይ አብረውት ያሉት ታማሚዎች እንዴት ይራመዳሉ። ቁርጥራጭ ነው፤ ማስታወሻዎቹ ሙሉ መጽሐፍ ለመሆን አልበቁም፤ እኔ ደግሞ ያተረፋቸው ይህ ይመስለኛል። መጨረሻ ያለው መጽሐፍ ቢሆኑ ኖሮ መጨረሻው መልስ ይጠይቅ ነበር። ስለ ዶዴ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ጊዜ፣ አገልጋይ፣ ታዋቂ ሐኪም ነበረው፤ ሕመሙን የማዳመጥ ዕድል ነበረው። ስኳሯን ይዛ ማለዳ ውሃ የምትቀዳ ሴት ደብተር የላትም።

የእኛ ሥነ ጽሑፍ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። የሕመም ታሪክ አለን፤ ግን በአብዛኛው ሁለት መጨረሻ ነው ያለው። ወይ ድኖ ምስክርነት ይሰጣል፣ ወይ ሞቶ ይለቀስለታል። ያልዳነ፣ ያልሞተ፣ ስሙም ያልተገኘለት ሰው በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት ይኖራል። ተገቢው ምርመራ ሁሉ ተደርጎም ከአራትና ከአምስት የነርቭ ጉዳት የአንዱ ምክንያት አይገኝም። ይህ የሕክምና ድክመት ብቻ አይደለም፣ የብዙ ሰው ኑሮ ነው፤ ልቦለድም ግጥምም ሊደርስለት ይገባ ነበር።

ለምትጽፉም ለምትታመሙም፣ እናት አባት ይዛችሁ ለምትንከራተቱም አንድ ቀላል ነገር ልበል። ግሦቹን ጻፏቸው። ስልካችሁ ላይ፣ በአማርኛ፣ እንደተነገሩ። መቼ ጀመረ፣ ከየት ወዴት ወጣ፣ ማታ ይብሳል ወይ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ቀን ተጀመረ። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ «ነርቭ ነው» ብላችሁ አትግቡ፣ «ያቃጥላታል፣ ይነዝራታል፣ ይደነዝዛታል» ብላችሁ ግቡ፤ ካልሲውንም አስወልቁ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ይታይለት ዘንድ ጠይቁ፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ። ማቃጠሉ ጠፍቶ መደንዘዝ ሲተካው «ተሻላት» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የማይሰማው እግር ነው ድንጋይ ላይ ቆስሎ ሳያውቅ የሚያመረቅዘው።

ባለቤቱን ፈልጉት። እስኪገኝ ግን ቦታውን ጎረቤት፣ ኃጢአት ወይም ጭንቀት አታስገቡበት። ባለቤቱ ባይታወቅም ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኝ» ሰው ናት፣ የምትናገረውም ይሰማል።